የገጠር መንደር ሕንፃና ታሪክ ስለሚጠበቅበት መንገድ፤ ውርጌሳና አካባቢዋ

መግቢያ

በአገራችን ስለ ቅርስ በተነሣ ቁጥር ሐሳባችን ወዲያው የሚሄደው ወደ አክሱም ሐውልቶች፣ ወደ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና ወደ ጎንደር ግንቦች ነው። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ እነዚህ ሥራዎች የሚገባቸውን ክብር አግኝተዋል። ነገር ግን ከሕዝባችን የሚበዛው ክፍል የኖረውም ሆነ ዛሬ የሚኖረው በግንብ ውስጥ ሳይሆን በገጠር መንደር፣ በእንጨትና በጭቃ ወይም በድንጋይ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። የዚህን ሕዝብ የቤት አሠራር፣ የጸሎት ቦታ፣ የመቃብርና የገበያ ሥፍራ እንደ ታሪክ ማስረጃ ቆጥሮ የመረመረ ጥቂት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው የመንደር ቅርስ ማለት ምን እንደ ሆነ፣ በምን ምክንያት እንደሚጠፋና እንዴት ሊጠበቅ እንደሚችል ነው። ለነገራችን መነሻ እንዲሆን ውርጌሳንና በዙሪያዋ ያለውን የገጠር አገር መርጠናል። ውርጌሳ በሰሜን ወሎ፣ በሐብሩ ወረዳ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ በውጫሌና በመርሳ መካከል የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። የመረጥንባትም ምክንያት ዝነኛ ሐውልት ስላላት ሳይሆን ስለሌላት ነው። ዝነኛ ሐውልት ያለው ቦታ ጠባቂም ጎብኚም አያጣም፤ ሐውልት የሌለው መንደር ግን በዝምታ ይለወጣል።

አንባቢ እንዳይሳሳት፣ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉት «እ.ኤ.አ.» በሚል ምልክት ተለይተዋል።

1. የመንደር ቅርስ ማለት ምን ማለት ነው

ቅርስ የሚለውን ቃል ሕጎቻችን በየዘመኑ በተለያየ ስፋት ተረጉመውታል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ቁጥር 229 ጥበቃውን የሰጠው ከ1850 ዓ.ም. በፊት ለተሠሩ ነገሮች ነበር። ይህ ዓይነት ወሰን ለድንጋይ ሕንፃ ይስማማ ይሆናል። የሣር ክዳን ቤት ግን በየጥቂት ዓመቱ ክዳኑ የሚታደስ፣ ቋሚው በበሰበሰ ጊዜ የሚለወጥ፣ በመጨረሻም በዚያው ቦታ በዚያው አሠራር እንደ ገና የሚተከል ስለ ሆነ፣ የአሠራሩ ዕድሜ ስንት መቶ ዓመት ቢሆን ቤቱ ራሱ ይህን ያህል አያረጅም። ስለዚህ በዚያ ሕግ መነጽር ለተመለከተ ሰው ወሎ ውስጥ ካሉት መንደሮች በብዙዎቹ ዘንድ ከአንዳንድ የጸሎት ቦታና ከብራና መጻሕፍት በቀር የሚጠበቅ ነገር አልነበረም ማለት ነው።

ዛሬ የምንሠራበት በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ከዚህ ይሰፋል። ግዙፍነት ያለውን ቅርስ ግዙፍነት ከሌለው ጋር አንድ ላይ ያነሣል፤ ይኸውም ሕንፃውንና ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱን፣ ሥርዓቱንና ቃሉንም ጭምር ነው። በዓለምም ዘንድ አስተሳሰቡ በዚሁ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የተጻፈው የሐውልቶች ጥበቃ ቻርተር ታላላቆቹን ሥራዎች ብቻ ሳይሆን በጊዜ ብዛት ትርጉም ያገኙትን ዝቅ ያሉ ሥራዎችና የገጠር አካባቢያቸውን ጭምር ከሐውልት ቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ የሐውልቶችና የቦታዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ ስለ ሕዝብ የቤት አሠራር ራሱን የቻለ ቻርተር አጽድቋል።

እኛም በዚህ ጽሑፍ የመንደር ቅርስ የምንለው አራት ነገሮችን ነው፤ አንደኛ የመኖሪያ ቤቱንና የአሠራሩን ዕውቀት፣ ሁለተኛ የጸሎትና የመቃብር ቦታውን፣ ሦስተኛ ታሪክ የተፈጸመበትን ሥፍራና መንገድ፣ አራተኛ ለእነዚህ ሁሉ ሕዝቡ የሰጣቸውን ስሞች። ከእነዚህ አንዱ ቢጠፋ የቀሩት መናገራቸውን ያቆማሉ።

2. ቤቱና አሠራሩ

በወይና ደጋውና በቆላው ወሎ የተለመደው ቤት ክብ ሆኖ ግድግዳው በእንጨትና በጭቃ፣ ክዳኑ በሣር የሚሠራው ጎጆ ነው። ወደ ደጋው ሲወጣ እንጨት እያነሰ ድንጋይ ስለሚበዛ ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ ይካባል። እንግዲህ የቤቱ መልክ የሠሪውን ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የአገሩን አፈር፣ ዛፍና ዝናብ የሚያሳይ መዝገብ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ብንገልጸው እንደሚከተለው ነው። መሬቱ ከተደለደለ በኋላ መካከል ላይ ችካል ተተክሎ በገመድ ክቡ ይለካል። ዙሪያውን ቋሚዎች ይተከላሉ፤ በቋሚዎቹ ላይ ማገር እየዞረ ይታሰራል። መካከል ላይ ምሰሶው ይቆማል፤ ከግድግዳው ራስ ተነሥተው ወደ ምሰሶው ጫፍ የሚወጡት ወራጆች ዋልታው ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ ሣሩ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ይከደናል፤ ውኃ እንዳይገባም ጫፉ በጉልላት ይዘጋል። ለግድግዳው የሚሆነው ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ለጥቂት ቀን እንዲብላላ ይተዋል፤ ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ አንድ ላይ ያስረዋል። ምርጊቱ ከደረቀ በኋላ በእበት የመለቅለቁ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሴቶች ነው። እንጨት ማምጣቱ፣ ማቆሙና መክደኑ ግን በአንድ ሰው ጉልበት የሚሆን ስላልሆነ ጎረቤት በደቦ ይሠራዋል። ባለቤቱ ያበላል፣ ያጠጣል፤ በተራው ደግሞ ለሌላው ይሠራል።

እዚህ ላይ ለጥበቃ ጉዳይ እጅግ የሚያስፈልጉ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ጢሱ ነው። በጎጆው ውስጥ የሚነደው ምድጃ ለዓይንና ለሳንባ ጎጂ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ጢሱ ክዳኑን ያደርቃል፤ ሣሩንና እንጨቱን የሚበላውን ተባይም ያርቃል። ምድጃው ለጤና ሲባል ወደ ውጭ ማድ ቤት ሲወጣ ክዳኑ ከቀድሞው ይልቅ ቶሎ ይበሰብሳል። እንዲያውም ሰው የማይኖርበት ጎጆ ምንም ሳይነካው ይፈርሳል። ከዚህም የምንማረው ዋና ነገር አለ፤ የድንጋይ ሐውልት ሰው ሲርቀው ይቆያል፣ ጎጆ ግን ሰው ሲርቀው ይሞታል። ስለዚህ ነዋሪውን አስወጥቶ ቤቱን ለትዝታ ማቆየት የሚባለው አሳብ ለዚህ ዓይነቱ ቤት አይሠራም።

ሁለተኛው እንጨቱ ነው። ሽማግሌዎች ለቋሚና ለምሰሶ ወይራና ጥድን የሚመርጡት እርጥበትንና ምስጥን ስለሚቋቋሙ ነው። የተፈጥሮ ደኑ እየሳሳ በሄደ ጊዜ ግን ቦታውን የወሰደው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ያለም ነው፤ ነገር ግን ሳይታከም መሬት ውስጥ ሲተከል፣ በተለይ በቆላ፣ ምስጥ ቶሎ ይጨርሰዋል። በዚህ የተነሣ ዛሬ «በጥንቱ አሠራር» የተሠራ ጎጆ ቢታይ እንኳ የጥንቱን ያህል ዕድሜ አይኖረውም።

ሦስተኛው ሲሚንቶው ነው። ብዙ ሰው የጭቃ ግድግዳን ለማጠንከር በላዩ ሲሚንቶ ይለስናል። ሲሚንቶ ደረቅና ግትር ሲሆን ጭቃ ግን ከዝናብና ከፀሐይ ጋር የሚያብጥና የሚኮማተር ነው። ሁለቱ አብረው ስለማይንቀሳቀሱ ልስኑ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃም መውጫ አጥቶ ጭቃውን ከውስጥ ያሟሟዋል። ለማዳን የተደረገው ነገር ለማፍረስ ይሆናል ማለት ነው። ለጭቃ ግድግዳ የሚስማማው ጥገና በጭቃ ነው።

ከቤቱ ጋር የሚጠፋው ቃልም የሚናቅ አይደለም። አማርኛችን ለአንድ ቤተሰብ ወይም ለአንድ አገር የሚጠቅመውን ሰው ምሰሶ፣ ዋልታ፣ ማገር እያለ ይጠራዋል። ወራጅና ማገር አይቶ የማያውቅ ልጅ እነዚህን ቃላት ቢሰማ ስሙን እንጂ ነገሩን አይይዝም።

3. የጸሎትና የመቃብር ቦታዎች

ሐብሩ ሙስሊሞች የሚበዙበት፣ ክርስቲያኖችም ከእነርሱ ጋር ተሰባጥረው የሚኖሩበት አገር ነው። ስለዚህ የመንደሩን የጸሎት ቦታ የሚያጠና ሰው ሁለቱንም እኩል መመልከት ይገባዋል።

የገጠር ቤተ ክርስቲያን አብዛኛውን ጊዜ ክብ ነው፤ ውስጡም በቅኔ ማኅሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ ይከፈላል። ከአሠራሩ በኩል ሲታይ የጎጆው ታላቅ ወንድም ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በዙሪያውም ያለው የዛፍ ቅጥር በአካባቢው ያሉት ነባር ዛፎች ተጠግተው የቀሩበት ሥፍራ በመሆኑ፣ ሕንፃውን ጠብቆ ደኑን መተው የሕንፃውን ግማሽ እንደ ማጣት ይቆጠራል። የሣር ክዳኑ በብዙ ቦታ በቆርቆሮ ተለውጧል። ይህ ለውጥ መልኩን ቢያበላሽም የግድግዳ ሥዕልን ከሚያፈስ ክዳን ያዳነበት ጊዜ ስላለ በጅምላ ማውገዝ አይገባም።

የድሮው የገጠር መስጊድም እንዲሁ ከመኖሪያ ቤት ብዙ የማይለይ፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ በሣር የተከደነ ነበር። ከመስጊዱ ጎን ደረሶች የሚማሩባቸውና የሚያድሩባቸው ቤቶች፣ የሼኹ መቃብር፣ ሐድራና ዱዓ የሚደረግበት ቤት ይገኛሉ። በየጁ የዳና፣ በቃሉ የጀማ ንጉሥ የትምህርት ማዕከላት ስማቸው የታወቀ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሑሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ነበረው የወሎ እስልምና የጻፉት መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. 2001) እንደሚያሳየው፣ የእነዚህ ማዕከላት ታሪክ የሚገኘው በቦታው ከተቀመጡ የዐረብኛና የዐጀሚ ጽሑፎችና በአፍ ከሚተላለፈው ትረካ ነው። ምዕመናን ገንዘብ አዋጥተው አሮጌውን የጭቃ መስጊድ አፍርሰው በብሎኬት ሰፊ መስጊድ ሲሠሩ በእምነታቸው መልካም ሥራ ሠርተዋል። ጥያቄው አዲሱ ለምን ተሠራ የሚል ሳይሆን፣ አሮጌው ከመፍረሱ በፊት ተለክቶና ተሥሎ ነበርን፣ ጽሑፎቹስ ዝናብ በማያገኛቸው ቦታ ተቀምጠዋልን የሚል ነው።

4. ሥፍራውና ታሪኩ

ሐብሩ የጥንቱ የየጁ አገር ክፍል ነው። ከየጁ የተነሡት የወረ ሼህ መሳፍንት ከ1776 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ ዳግማዊ ራስ አሊ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል በደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ እስከ ተሸነፉ ድረስ በጎንደር መንግሥት ላይ ሥልጣን ይዘው ነበር። ታሪካቸው በብዛት የሚነገረው በጎንደርና በደብረ ታቦር ነው፤ የወጡበት የገጠር አገር ግን በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ ስሙ እንጂ መልኩ አይታይም።

ከውርጌሳ በስተ ደቡብ ሚሌ ወንዝ ሐብሩን ከደቡብ ወሎ ይለያል፤ ከዚያም አምባሰል ነው። በአምባሰል፣ በውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በተባለው ሥፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛውና በጣልያንኛው ቅጂ ባለመስማማቱ የተነሣው ጠብ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ እንደ ተቆረጠ ሁሉም ያውቃል። እዚህ ላይ የምናስተውለው ግን ሌላ ነገር ነው። የዓለም ታሪክ የተለወጠበት ይህ ቦታ የድንጋይ ቤተ መንግሥት የቆመበት ሳይሆን የገጠር ሥፍራ ነው፤ ለብዙ ዘመን የጠበቀውም የአገሩ ሰው ስሙን እየጠራ ስላቆየው ነው። ስሙ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ሥፍራውን የሚያሳይ ምልክት ባልተገኘም ነበር። የሥፍራ ስም ቅርስ ነው ያልነው ስለዚህ ነው።

ውርጌሳ ያለችበት መንገድም ራሱ ታሪክ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በወልድያና በማይጨው ወደ አሥመራ የሚደርሰው መንገድ በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ለመኪና ተሠራ። መንገድ ከመጣ በኋላ መንደሩ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል፤ ሱቅና ሻይ ቤት በመሥመር ይሰለፋሉ፤ ክቡ ቤት ለመንገድ ዳር ቦታ ስለማይመች ማዕዘን ባለው ቤት ይተካል። የወሎ መንገድ ዳር ከተሞች መልክ ከዚህ የመጣ ነው።

5. የመጥፋቱ ምክንያት

የመንደሩ ሕንፃ የሚጠፋው ሕዝቡ ታሪኩን ስለ ናቀ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ነገሩን በሠሪው ዓይን ብንመለከተው ምክንያቱ ግልጽ ነው።

የግጦሽ መሬት እየታረሰ በመሄዱ ረጅሙ የክዳን ሣር ከሩቅ የሚመጣ ውድ ዕቃ ሆኗል። ክዳኑም በየጊዜው መታደስን ይጠይቃል፤ እሳትም ያሰጋዋል። ቆርቆሮ በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ቢጠይቅም ለብዙ ዓመት ያሳርፋል። በቀን ቢያግልም፣ ዝናብ ሲዘንብ ቢያደነቁርም፣ ለባለቤቱ የኑሮ መሻሻል ምልክት ነው። ለሙሽራ ቤት ሲጠየቅ ባለ ቆርቆሮው ይከበራል። ይህን ሁሉ እያወቁ ገበሬውን «ጎጆህን አትንካ» ማለት፣ ራሱ በግንብ ቤት የሚኖር ሰው ለሌላው ድህነትን ማዘዙ ነው።

ከዚህ ሌላ ጦርነት አለ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲገባ ወልድያ፣ መርሳና ውርጌሳ ያሉበት ዋና መንገድ እስከ ታኅሣሥ ወር 2014 ዓ.ም. ድረስ ሠራዊት የሚመላለስበት መሥመር ሆኖ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሰው ሕይወት ከማንኛውም ሕንፃ እንደሚበልጥ አያጠያይቅም። ሆኖም ከሰላም በኋላ ሰው ወደ ቦታው ሲመለስ የፈረሰውን የሚሠራው በፊት የነበረውን እያስታወሰ ነው፤ በጽሑፍና በሥዕል የተቀመጠ ነገር ከሌለ ከማስታወስ በቀር መመሪያ አይኖረውም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም ይህንኑ ሥጋት አድሷል።

ሦስተኛው ምክንያት የሚያውቀው ሰው ማለፉ ነው። ጭቃው ስንት ቀን እንደሚብላላ፣ የትኛው እንጨት በየትኛው ወር እንደሚቆረጥ የሚያውቀው ሽማግሌ ዕውቀቱን ሳያወርስ ሲሞት፣ ቤቱ ቢቆምም የሚጠግነው አይገኝም። ከሦስቱ ምክንያቶች ይህኛው ድምፅ የለውም፤ ጉዳቱ ግን አይመለስም።

6. ሕጉ የሚሰጠውና የሚያስቀረው

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ታሪካዊና ባህላዊ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑን ደንግጓል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም ሆነ በማንኛውም ሰው ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይቀበላል፤ ባለቤቱም ቅርሱን እንዲጠብቅ፣ ጥገና ከማድረጉ በፊትም ፈቃድ እንዲጠይቅ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ቅርሶች በብሔራዊና በክልል ደረጃ የሚመደቡበትን መንገድ አበጅቷል።

እነዚህ ሕጎች መልካም ናቸው። ነገር ግን ለመንደር ሲሆን አንድ ክፍተት ይታይባቸዋል። አንድ ቤት በቅርስነት ከተመዘገበ ባለቤቱ ሸክም እንጂ ወዲያው የሚታይ ጥቅም አያገኝም፤ ሣሩን የሚገዛው እርሱ፣ ፈቃድ የሚጠይቀው እርሱ ነው። ሕጉ ከባለቤቱ አቅም በላይ ለሆነ ወጪ መንግሥት ሊረዳ እንደሚችል ቢያነሣም፣ ሊረዳ ይችላል ማለትና ይረዳል ማለት አንድ አይደሉም። እንዲህ ከሆነ ብልህ ገበሬ ቤቱ እንዳይመዘገብበት ይሸሻል፤ ወይም ከመመዝገቡ በፊት ያፈርሰዋል። ስለዚህ በመንደር ደረጃ ምዝገባ ከግዴታ መጀመር የለበትም፤ ከፈቃድና ከጥቅም መጀመር አለበት።

7. ከሌላው ቦታ የምንማረው

ከውርጌሳ ሩቅ ያልሆነችው ላሊበላ በዚህ በኩል ትልቅ ትምህርት ትሰጠናለች። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከዝናብ እንዲከልሏቸው መጠለያዎች ተሠሩላቸው። ነገር ግን አብያተ ክርስቲያናቱ የቆሙት በባዶ ሜዳ ሳይሆን በመንደር መካከል ነበር። መንደሩም ራሱ የሚደነቅ ነበር፤ ክብ ሆነው በድንጋይና በጭቃ የተካቡ፣ ምድርና ደርብ ያላቸው፣ ወደ ላይ የሚያስወጣው ደረጃ በውጭ በኩል የተሠራላቸው የላስታ ቤቶች ነበሩበት። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመቶች በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩ ነዋሪዎች ቦታውን ለማጽዳት ሲባል ወደ ሌላ ሠፈር እንዲዛወሩ ተደረገ። አንዳንዶቹ የድንጋይ ቤቶች ቢቀሩም ቤት ያለ ነዋሪ ምን እንደሚሆን ከላይ ተናግረናል። ታላቁን ቅርስ ለመጠበቅ ትንሹ ተሠዋ ማለት ነው። የተሠዋው ትንሽ ግን ለታላቁ ዘመናት ሁሉ ጠባቂ፣ ደጀ ጠኚና አገልጋይ ያፈራ መንደር ነበር።

ግብፃዊው መሐንዲስ ሐሰን ፈትሂ በሉክሶር አጠገብ ያደረጉት ሥራም በዚሁ ረገድ የሚጠቀስ ነው። በጥንታዊ መቃብሮች ላይ የሠፈሩትን የጉርና ሰዎች ለማዛወር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አዲስ መንደር በጭቃ ጡብ፣ በአገሩ አሠራር አሳምረው ሠሩ። ቤቶቹ ቆንጆዎች ነበሩ፤ ከሰዎቹ አብዛኞቹ ግን ለመግባት እምቢ አሉ። ኑሯቸው በሌላ ቦታ ነበርና።

በተቃራኒው የማሊዋ ጄኔ ከተማ የጭቃ መስጊድ አለ። ይህ ሕንፃ ዝናብ በየዓመቱ የሚሸረሽረው ቢሆንም የከተማው ሕዝብ ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ልጅ በየዓመቱ በአንድ በዓል ቀን ተሰብስቦ እንደ ገና ይመርገዋል፤ የግንበኞች ማኅበርም ሥራውን ይመራል። ሕንፃው የሚቆየው ጭቃው ስለ ጠነከረ ሳይሆን ልማዱ ስላልተቋረጠ ነው። በአገራችንም የኮንሶ እርከንና በድንጋይ ካብ የታጠሩ መንደሮች እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም መዝገብ የገቡት ሕዝቡ ዛሬም እየኖረባቸውና እየጠገናቸው በመሆኑ ነው።

8. ምን ይደረግ

ከላይ ከተባለው ተነሥተን፣ በእኛ በተማሪዎች አቅም የሚቻለውንና ከሌሎች የሚጠበቀውን ለይተን እናቀርባለን።

(ሀ) ከሁሉ በፊት መመዝገብ። ሁሉን ቤት ማቆየት አይቻልም፤ ሁሉን መልክ መዝግቦ ማቆየት ግን ይቻላል። በ1898 ዓ.ም. ወደ አክሱም የመጡት የጀርመን ተመራማሪዎች ሐውልቶቹን ብቻ ሳይሆን ተራ መኖሪያ ቤቶችን ጭምር ለክተው፣ ሥለው እ.ኤ.አ. በ1913 አሳትመዋል። ያን ጊዜ የነበረውን የሰሜን ኢትዮጵያ ቤት አሠራር ዛሬ በዝርዝር ማየት የምንችለው በዚህ ሥራ ነው። አንድ ተማሪ በእረፍት ወራት ወደ ትውልድ መንደሩ ሲሄድ በሜትርና በወረቀት፣ ዛሬም በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ፣ አንድ ቤት ቢለካ ይህንኑ ሥራ ሠራ ማለት ነው። መመዝገብ የሚገባቸውም የቤቱ ስፋትና ቁመት፣ የእያንዳንዱ እንጨት ዓይነትና ስም፣ የሠሪው ሰው የት እንደ ተማረ፣ ቤቱ ስንት ጊዜ እንደ ታደሰ፣ ከብት፣ እህልና ሰው የየራሳቸው ቦታ የት እንደ ሆነ ናቸው።

(ለ) ባለቤቱን ማስፈቀድና መዝገቡን ማካፈል። የመዝገቡ አንድ ቅጂ ለመንደሩ፣ አንዱ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ አንዱም በአቅራቢያ ላለው ዩኒቨርሲቲ መሰጠት አለበት። ለሰሜን ወሎ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ የተገባ ቦታ ነው። የብራና መጻሕፍትና የከበሩ ዕቃዎች ያሉበት ቦታ ግን ለሕዝብ በሚታተም ጽሑፍ መገለጥ የለበትም፤ ዝርዝሩ ለሌባ መሪ እንዳይሆን።

(ሐ) ጥበቃውን ለቅሬ ማስጠጋት። በወሎ ቅሬ የሚባለው ማኅበር ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድነት ይዞ ሙት የሚቀብር፣ ያዘነውን የሚያጽናና፣ ቀሪውን የሚቀጣ የጸና ድርጅት ነው። ለጥበቃ አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋም ይልቅ፣ ቅሬው ፈቅዶ አንድ የመንደር ቤትን የጋራ ስብሰባ ቤት አድርጎ ቢይዘው፣ ቤቱ እሳትም ሰውም አያጣም፤ ክዳኑም በደቦ ይታደሳል። ቤት የሚድነው በኑሮ ነው ያልነው በዚህ ይፈጸማል።

(መ) ሣሩንና እንጨቱን መትከል። ያለ ወይራና ያለ ክዳን ሣር ስለ ጎጆ ጥበቃ መናገር ከንቱ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመስጊድና በመቃብር ዙሪያ፣ በተከለሉ ተራሮችም ነባር ዛፎችን መትከልና ሣር ማሳደግ የደን ሥራ ብቻ ሳይሆን የሕንፃ ጥበቃ ሥራ ነው።

(ሠ) ለሚለወጠው ቤት የሚሻል መንገድ ማሳየት። ቆርቆሮ ለሚያለብሰው ገበሬ፣ ከቆርቆሮው ሥር ሙቀትን የሚከለክል ነገር እንዴት እንደሚደረግ፣ የጭቃው ግድግዳ በሲሚንቶ ሳይሆን በጭቃ እንዴት እንደሚጠገን፣ መሠረቱ ከእርጥበት በድንጋይ እንዴት እንደሚለይ ቢነገረው፣ ከቀድሞው ዕውቀት የሚጠቅመው ክፍል በአዲሱ ቤት ውስጥ ይኖራል። በሕንፃ ትምህርት ክፍል የሚማሩ ጓደኞቻችን በዚህ ላይ ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ።

ማጠቃለያ

የመንደር ቅርስ ጥበቃ መንደሩን ባለበት ማቆም ማለት አይደለም። መንደር ሁልጊዜ ሲለወጥ የኖረ ነው፤ የድሮው ጎጆ ራሱ የብዙ ለውጥ ውጤት ነው። ጥያቄው ለውጡ ዕውቀትን ይዞ ይሄዳል ወይስ ዕውቀትን እየጣለ ይሄዳል የሚለው ነው። የውርጌሳ አካባቢ ገበሬ ልጁ ከጢስ የጸዳ ቤት እንዲኖረው ቢፈልግ መብቱ ነው። የልጅ ልጁ ደግሞ አያቱ በምን ዓይነት ቤት እንደ ኖሩ፣ ማን እንደ ሠራው፣ የትኛው ሼኽ ወይም የትኛው ቄስ የትኛውን ዛፍ ሥር እንዳስተማረ ለማወቅ ቢፈልግ ይህም መብቱ ነው። ሁለቱ መብቶች እንዳይጋጩ ማድረግ የሚችለው በጊዜው የተሠራ መዝገብና ሕዝቡ የራሴ ነው ብሎ የያዘው ጥቂት ሕያው ሕንፃ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ተማሪዎቹ በኢትኖሎጂ ማኅበር ተሰብስበው የየትውልድ አገራቸውን ልማድ እየጻፉ በመጽሔታቸው ያወጡ ነበር። ያን ጊዜ ተራ መስሎ የታየው ጽሑፍ ዛሬ ለተመራማሪ መነሻ ሆኗል። እኛም ከወሎም ሆነ ከሌላው ክፍል የመጡ ጓደኞቻችን በሚመጣው የክረምት ዕረፍት እያንዳንዳቸው አንድ ቤት ለክተው፣ ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት አሮጊት የቤቱን ቃላት ጽፈው እንዲመለሱ እናሳስባለን። መምህራኖቻችንም የተሰበሰበውን የሚመሩበትና የሚያርሙበት መንገድ እንዲያዘጋጁልን እንለምናለን። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ መጀመርን ነው።